ቁጥር አንድ አይሰጥም

የጋሽ ዘርጋን ሞት የነገረችኝ ልጃቸው ማርታ ናት። ስልኩን እንደያዝኩ ዝም ስል የደነገጥኩ መስሏት «እትዬ ስንቅነሽ፣ አይዞዎት» አለችኝ። ደንግጬ አልነበረም። አፌ ላይ የመጣው ጥያቄ ለለቅሶ የሚገባ ስላልመሰለኝ ነው። በመጨረሻ ግን አላስቻለኝም።

«ቁልፎቹስ?» አልኩ።

ማርታ እያለቀሰች ሳቀች። «መልሰው ነው የሞቱት። የሳጥኑን፣ የጓዳውን፣ የግቢውን በር፣ ሁሉንም እጄ ላይ አስቀመጡና 'እንግዲህ መተኛት ይቻላል' አሉ።»

ጋሽ ዘርጋን ያወቅኋቸው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ቡታጅራ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ በነበረው በሐጂ ነስሩ ሆቴል ነው። ሆቴል ስል በአንድ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ የጭቃ ክፍሎች ማለቴ ነው። ሐጂ መጠጥ አያስገቡም፤ ምግብም የለም። መንገደኛ ገብቶ «አልጋ አለ?» ይላል፤ ጋሽ ዘርጋ «አለ» ወይም «የለም» ይላሉ። የቁልፍ ኃላፊው እሳቸው ነበሩ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከትንንሽ ልጆች ጋር ፊደል የምቆጥር፣ ከሰዓት አንሶላ የማጥብ፣ ጉልበቴ ከትምህርት ቤቱ ወንበር በላይ የረዘመ ልጃገረድ ነበርኩ።

ስለ እኔ ይህ ይበቃ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ካልጨመርኩ የሚከተለው አይገባም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌሎች ሴቶች የልጅ ልጅ በሚያዝሉበት ዕድሜ፣ ኮምፒውተር ተማርኩ። እንጀራዬም የከርነል ኮድ ማንበብ ሆነ። ከርነል ማለት ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ፕሮግራሞች ሁሉ እንግዶች ናቸው፤ ዕቃቸውን የሚያስቀምጡበትን ቦታ፣ ሚሞሪ የሚባለውን፣ የሚጠይቁት ከርነሉን ነው። እሱ ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ የተቀበለውን ለሌላው ይሰጣል። ተራ ፕሮግራም የጻፈ ሰው በቦታ አያያዝ ቢሳሳት፣ ፕሮግራሙ ብቻውን ይወድቃል፤ የራሱን አልጋ ሰበረ ማለት ነው። ከርነሉ ውስጥ የተሳሳተ ግን ሆቴሉን ነው የሚንደው። ማሽኑ በሙሉ ቀጥ ይላል። አንዳንዴም ሳይቆም ውስጥ ውስጡን የሰው ዕቃ ያበላሻል፤ ይኼኛው ይብሳል። የእኔ ሥራ ወጣቶቹ ከርነሉ ውስጥ የሚያስገቡት ኮድ ቦታ ሲወስድና ሲመልስ በወጉ መሆኑን ማየት ነበር። በኮዱ ጎን የምጽፍላቸውን አስተያየት «የአክስታችን ተረት» ይሉት ነበር። ተረት አልነበረም። ጋሽ ዘርጋ ነበሩ።

አጭር፣ ደረታቸው ቀና ያለ፣ የካኪ ኮታቸውን በፀሐይም የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ቁልፎቹን በአሮጌ ባልዲ እጀታ ላይ ሰክተው ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሏቸዋል፤ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ቁልፎቹ ምንም ምልክት የላቸውም። ሐጂ «ኧረ ቁጥር ጻፍባቸው» ሲሏቸው፣ «ቁጥር ከተጻፈበትማ ሌባም ያነበዋል» ይሉ ነበር። የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍት የሚያውቁት አውራ ጣታቸውና እግዚአብሔር ነበሩ።

ከሁሉ የሚያናድዳቸው «የለም» የሚለውን መልስ የማይሰማ ሰው ነው። በእኛ አገር «የለም» የንግግር መጀመሪያ ነው፤ ልመናው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «ጋሼ፣ ጥግም ቢሆን» ይላል እንግዳው ጓዙን እያወረደ። «የለም ማለትኮ መልስ ነው!» ይጮሃሉ። «መልሱን ሳትሰማ የምትተኛ ከሆነ፣ የምትተኛው የሌለ አልጋ ላይ ነው!» አንዱ የወልቂጤ ነጋዴ እሳቸው እየጮሁ ወደ ጓሮ አልፎ፣ «ይኸው፣ ባዶ ቤት አለ አይደል» ብሎ በጨለመው ክፍል ጋደም አለ። እዚያ ለምርጊት ያቦካነው ጭቃ ነበር። ሲወጣ ግድግዳ መስሎ ነው የወጣው። ጋሽ ዘርጋ ከላይ እስከ ታች አይተውት «ጭድ ጎድሎሃል» አሉት።

ከዓመታት በኋላ አንድ ጎበዝ ልጅ የጻፈውን ሳነብ፣ ኮዱ ቦታ ይጠይቃል፤ ይሰጠው አይሰጠው ሳያይ መጻፍ ይጀምራል። «ካልተሰጠህስ?» አልኩት። «አክስቴ፣ ሁልጊዜ ይሰጣል እኮ» አለኝ። ያንን ነጋዴ ከነጭቃው አየሁት።

የበርበሬው ነገር ግን ከዚህ ይከፋል። አንድ የማረቆ በርበሬ ነጋዴ አድሮ የወጣበትን ክፍል፣ ጋሽ ዘርጋ ቸኩለው፣ አንሶላውን ብቻ አስቀይረው፣ ከጎንደር ተመድቦ ለመጣ ወጣት መምህር ሰጡት። መምህሩ መንገድ አድክሞት ፊቱን ትራሱ ላይ ደፋ። ወዲያው ሁለት ዓይኑን ይዞ፣ እንባው እየወረደ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ግቢው መሀል ቆመ።

«መርዶ ነው» አለች አንዲት ገበያተኛ። «ሰው የለውም፤ የሰው አገር ሰው ነው። እናልቅስለት እንጂ!»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋሽ ዘርጋ ሮጠው መጥተው መምህሩን አቅፈው «ወንድሜን! ወንድሜን!» አሉ፤ እሳቸውም ትራሱን የነካው ጉንጩ ላይ ጉንጫቸውን ሲያሻሹ የእውነት እንባ መጣ። ልጁ «ውሃ! ውሃ!» ይላል፤ ሊወድቅ ነው ብለው ይደግፉታል። ብዙ ከተለቀሰ በኋላ ነው አንዱ ሽማግሌ «ለመሆኑ ሟቹ ማን ነው?» ያለው። ነገሩ ሲገለጥ ሁሉ ነጠላውን አስተካከለ። ያቺ ገበያተኛ ግን ነጠላዋን አላስተካከለችም። «እንግዲህ አንዴ ጀምሬያለሁ» አለች፤ «አምና የሞተችውን እህቴን ልጨርስላት።» ጨረሰችላት።

ሐጂ ነስሩ በዚያ ቀን «ዘርጋ፣ ያለ ሬሳ ለቅሶ አስነሳህብኝ» ብለው የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ጋሽ ዘርጋ ከዚያ ወዲያ ክፍል ከእንግዳ ወደ እንግዳ ሲያልፍ ያስጠርጋሉ፣ ፍራሹን ያስደበድባሉ፣ የትራሱን ልብስ ያስቀይራሉ፤ በመጨረሻም አፍንጫቸውን ትራሱ ላይ ቀብረው ያሸታሉ። «አልጋ ያደረበትን ሰው አይረሳም» ይሉኝ ነበር። «ማስረሳት የእኛ ሥራ ነው።» መጽሐፍ ይዤ ሲያዩኝም ያንኑ ይላሉ፦ «ተማሪ፣ መጽሐፍም ሌላ ሰው የተኛበት አልጋ ነው፤ አሽትተሽ ግቢበት።»

ሚሞሪም እንዲሁ ነው፤ ያደረበትን አይረሳም። አንዱ ፕሮግራም የመለሰው ቦታ ውስጥ የጻፈው ሁሉ፣ ምሥጢሩም ጭምር፣ እንዳለ ይቀመጣል። ሳይጠረግ ለሌላው ከተሰጠ፣ ያኛው የማያውቀውን ሰው በርበሬ ዓይኑ ውስጥ ያገኘዋል።

ሁለት ልማድ ነበራቸው፣ ሰው ሁሉ የሚስቅባቸው። የመጀመሪያው፣ ቁልፍ ይዘው አይተኙም። የሚቀመጡባት ዱካ አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ሆን ብለው ነው ያሳጠሩት፣ ቢያንጎላጁ እንድትጥላቸው። ከምሳ በኋላ ማሸለብ ሲያምራቸው ቀለበቱን ወደ እኔ ይዘረጋሉ። «ተቀበይ» ይላሉ። «ተቀብያለሁ» ካላልኩ ዓይናቸውን አይከድኑም። «ቁልፍ ይዞ የተኛ ሰው፣ ግቢውን ሁሉ ደጅ ያሳድራል።» ይህን ቃል በከርነሉ ኮድ ጎን በየሳምንቱ ነበር የምጽፈው፤ እዚያም አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዳይገባበት የሚዘጋበት ቁልፍ አለ። እጁ ባዶ የሆነ ኮድ ቦታ እስኪለቀቅ ተኝቶ ቢጠብቅ ነውር የለውም። ሌላው ሁሉ የሚጠብቀውን ቁልፍ ጨብጦ የሚተኛ ግን፣ ቦታ ሊለቅለት የሚመጣውንም ሰው ውጭ ዘግቶበታል፤ ሁለቱም እንደተጠባበቁ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ቁጥር አንድ ነው። ከግቢው በር አጠገብ ያለች፣ ከሁሉ የምትሻል ክፍል ናት። አልጋዋ ሁልጊዜ ተነጥፏል፤ ሰው ግን አይገባባትም። «ቁጥር አንድ አይሰጥም» ይላሉ። ከተማው ዛር ያድርባታል ይል ነበር። ሐጂ በሩን ባዩ ቁጥር የቀረባቸውን ኪራይ ያሰላሉ።

«ባዶ አልጋ ምን ያደርግልሃል፣ ዘርጋ?»

«የሚያስፈልገው ሁሉ ሲሞላ ነው፣ ሐጂ። ሁሉ ከሞላ በኋላ ደግሞ ከየት ይመጣል?»

ሐጂ ለመልሱ ከድርን አስመጡ። ከድር መርካቶ ያደገ የእህታቸው ልጅ ነው፤ ጸጉሩን አበጥሮ፣ የአልጋ ሥራ በዘመናዊ መንገድ መካሄድ እንዳለበት እያወራ መጣ። ሐጂም የመስቀል ሰሞን ሲቃረብ ጋሽ ዘርጋን በሰው ፊት «ከእንግዲህ አንድ እንግዳ ቢጮህብኝ፣ ቁልፉ ለከድር ነው። ወላሂ!» አሏቸው።

ጋሽ ዘርጋ ያን ቀን ዱካቸው ላይ ቀና ብለው መቀመጥ አቃታቸው። «ከዚህ ከወጣሁ አረቅጥ ነው የምገባው፣ ወንድሜ ቤት» አሉኝ። «ጥሩ ቤት ነው። ወንድሜም ጥሩ ሰው ነው። ግን ተማሪ፣ በሩ ቁልፍ የለውም! በእንጨት መወርወሪያ ነው የሚዘጋው። እኔ እዚያ ምን ሆኜ ነው የምኖረው?»

መስቀል ደረሰ። መቼም ጉራጌ ለመስቀል የትም ቢሆን ወደ አገሩ ይገባል። አውቶቡሱ ጣሪያው ላይ ሰው፣ ሰው ላይ ጓዝ ጭኖ ይመጣል። ሁሉም ክፍል ተያዘ። አንዱ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ ጠይቆ ገባና ለበዓሉ የገዛውን በሬ አስከትሎ መጣ፤ የበሬው ወገብ የጎረቤቱን በር ዘጋው። ጋሽ ዘርጋ «የጠየቅከው ለአንድ ነው፤ ትርፍህን ሰብስብ» እያሉ በሬውንም ሰውየውንም ሲገፉ ዋሉ።

በዚህ መሀል አንዱን ክፍል ይዞ ያደረው ሽብሩ፣ የጋሽ ዘርጋ የአጎት ልጅ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ፣ በበቅሎ ሆኖ ወደ አረቅጥ ሊወጣ ከግቢው በር ላይ ተጣራ። «ጋሽ ዘርጋ፣ ወጥቻለሁ! ክፍሉ ባዶ ነው!»

«ቁልፉስ?»

«አለ፣ አለ! በሩ ላይ ነው፣ በአባቴ አጥንት!»

ሌላ ሰው ቢሆን በቅሎዋን ጭራዋን ይዘው ያስቆሟት ነበር። ግን ዘመድ ነው፤ በአባቱ አጥንት ምሏል፤ ያ አጥንት ደግሞ የእሳቸውም አጎት አጥንት ነው። እጃቸውን አውለበለቡለት። ወዲያው ከአዲስ አበባ ለመሬት ጉዳይ የመጡ ግራዝማች ይልማ የሚባሉ ወፍራም ሹም፣ ቦቲያቸው አቧራ ለብሶ፣ ሽጉጣቸው ቂጣቸው ላይ እየተንቀጫቀጨ ገቡ። «ክፍል!»

«አለ፣ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ዘርጋ፤ ተለዋጩን ቁልፍ ከቀለበታቸው አውጥተው ሰጧቸው።

ቁልፉ በሩ ላይ አልነበረም። ሽብሩ ከኪሱ ያገኘው አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሲደርስ ነው፤ እዚያ የሚስቱ ወንድም ደሳለኝ አልጋ አጥቶ ቆሟል። «እንካ፣ ይኸው ቁልፍ! ክፍሉ እስከ ነገ የእኔው ነው፤ ባዶውን ምን ይሠራል?» ብሎ ሰጠው። በእኛ ዘንድ ይህ ጥፋት አይባልም፤ ደግነት ነው። የሚሄድ ሰው ለሚመጣ ዘመዱ ቦታውን ያወርሳል፤ በሁለት ወንድማማች መሀል ባለቤት ማስገባት ነውር ነው። ደሳለኝ ግራዝማች ከመግባታቸው ጥቂት ቀድሞ፣ በሬው ባስነሳው ግርግር መሀል አለፈ፤ ከውስጥ ሳይቆልፍ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ስቦ አንቀላፋ።

ግራዝማች መስኮቱ በተዘጋው ክፍል ገብተው ቦቲያቸውን ለማውለቅ አልጋው ላይ ዘፍ አሉ። የተቀመጡት ደሳለኝ ሆድ ላይ ነው።

የጩኸቱን ዓይነት ልገልጸው አልችልም። በሬው እንኳ ማመንዠጉን አቆመ። ግራዝማች በአንድ ቦቲ «ሽፍታ! ሽፍታ!» እያሉ፣ ደሳለኝ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ «ሌባ! ያዙልኝ!» እያለ፣ አንድ በር ላይ ተጣበቁ።

«ክፍሉ የእኔ ነው፤ ቁልፍ አለኝ!» አሉ ግራዝማች።

«እኔም አለኝ!» አለ ደሳለኝ።

ሁለቱም ቁልፋቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ሐጂ ነስሩ ከሶላት እየተመለሱ ነበር። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ዘርጋ፣ ሁለት ሰው ባንድ አልጋ?» ከኋላቸው ከድር ጸጉሩን ያስተካክላል።

ጋሽ ዘርጋ ወደ ቁጥር አንድ ሄደው በሩን ከፈቱት። «ግራዝማች፣ ይግቡ።»

ግራዝማች አንገታቸውን አስገብተው ንጹሑን አልጋ አዩ። «ይህን ለምን መጀመሪያ አልሰጠኸኝም?»

«አይሰጥም ነበር፣ ጌታዬ። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው። አሁን ክፉ ቀን መጣ።»

ግራዝማች ገቡ፤ ወዲያው ማንኮራፋታቸው ተሰማ። ደሳለኝም ወደ አልጋው ተመለሰ። ሐጂ ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸው ላይ ነገሩን ለማለፍ መወሰናቸው ይታይ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ግን ቀለበቱን ከወገባቸው ፈትተው ዘረጉላቸው።

«ይቀበሉ፣ ሐጂ።»

«ምን ሆንክ? እንግዳው ገባ እኮ!»

«እንግዳ ከጮኸ ቁልፉ ለከድር ነው ብለው ምለዋል። ጮኋል። ደግሞም ቁልፉን እጄ ላይ ሳላይ ክፍል ሰጥቻለሁ፤ ዘመዴ ነው ብዬ።» ዱካቸውን ይዘው ወጡና ከግቢው በር ውጭ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ አረቅጥ መንገድ አዙረው።

ከድር ቀለበቱን በኩራት ተቀበለ። ከዚያ ገበያተኛው ይመለስ ጀመር። «ቁልፌን!» ይላል አንዱ፤ ከድር ያንን ቁልፍ እዚያ በር፣ ይህን ቁልፍ እዚህ በር ይሞክራል። ለአንድ በርበሬ ነጋዴ የአንዱን ልብስ ሰፊ ክፍል ከፈተለት። ልብስ ሰፊውን በግራዝማች ላይ ሊያስገባው ነበር። የበሬውን ባለቤት ከውስጥ ሳለ ቆለፈበትና ቁልፉ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ሰውየው ከውስጥ፣ በሬው ከውጭ ይጮሁ ጀመር። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወጡ።

«ዘርጋ፣ በአላህ፣ ግባ። ምንም እንዳልተፈጠረ ይሁን።»

ጋሽ ዘርጋ ዘወር አላሉም። «የመለስኩትን ነገር እንዳልመለስኩ ሆኜ ልንካው? ዛሬ ያጣላን ምን ሆነና? ሽብሩ የለቀቀውን ክፍል እንዳልለቀቀ ሆኖ መስጠቱ አይደለም?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«እንደ አዲስ ይስጡኝ። እኔም እንደ አዲስ ልጠይቅ።» ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «ቁጥር አንድ እንደገና ባዶ ትሆናለች፤ ማንም አይነካትም።»

«ይሁን!» ከውስጥ «አውጡኝ!» የሚል ድምፅ ይመጣል።

«ቁልፍ ከእጄ ወጥቶ ወደ እጄ ይመለሳል። የእናቴ ልጅም ቢሆን።»

«ይሁን፣ ይሁን!»

«እኔም ሰው ነኝ፤ ዘመድ አለኝ። ስለዚህ ክፍል ስሰጥ ይህች ተማሪ 'ቁልፉ የታለ?' ትበለኝ። በሰው ፊት።»

ሐጂ ዞረው አዩኝ። እጄ የአንሶላ ሳሙና ለብሶ ነበር። «ትበልህ!» አሉ። «ኧረ አሁኑኑ ትበልህ!»

አልኩ። ጋሽ ዘርጋ ቀለበቱን ተቀብለው ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ በአውራ ጣታቸው አንዱን መርጠው በመጀመሪያው ሙከራ የበሬውን ባለቤት አወጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማውን ለቅቄ እስክሄድ ድረስ ስጠይቃቸው ኖርኩ። አንዳንዴ ይቆጣሉ፤ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» ይላሉ። ካልጠየቅኳቸው ግን ቁልፉን እንደያዙ ቆመው ይጠብቁኛል። አዲስ አበባም ገብቼ በወጣቶቹ ኮድ ጎን ደጋግሜ የጻፍኩት ይህንኑ ነው፦ ቁልፉ የታለ? ወስደህ መልሰሃል ወይ? መልሰህስ እንደገና ትነካዋለህ ወይ?

ለለቅሶው ቡታጅራ ስደርስ ቤታቸው ሞልቶ ነበር፤ ከአረቅጥም ከወልቂጤም ሰው መጥቷል። ማርታ ጓዜን ተቀብላ ከግቢው በር አጠገብ ያለ ክፍል ከፈተችልኝ። አልጋው ተነጥፏል።

«ቁጥር አንድ ናት» አለች። «አባባ ለማንም አይሰጧትም ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ?»

«ቤቱ ሞላ፣ እትዬ።»

በማግስቱ ጓዜን ይዤ ስወጣ አንድ ከእንሴኖ የመጡ ዘመድ፣ መንገድ ያደከማቸው ደግ ሰው፣ በሩ ላይ አገኙኝ። «እየሄዱ ነው፣ እህቴ? ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ። ልጅቷ ሐዘንተኛ ናት፤ ለምን እናደክማታለን? እኔው እገባበታለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ማርታ ከግቢው ማዶ፣ በለቀስተኛ ተከባ ተቀምጣ ነበር። እኔ ግን ሻንጣዬን እየጎተትኩ፣ የሰው እግር እየረገጥኩ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያልኩ፣ ሁሉ እያየኝ እሷ ጋ ደረስኩ።

«ተቀበይ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ተቀብያለሁ።»

ከዚያ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥታ፣ መጥረጊያና የታጠበ የትራስ ልብስ ይዛ ወደ ቁጥር አንድ ገባች። ከእንሴኖው ሰውዬ ጋር በሩ ላይ ቆመን እናያታለን። ጠረገች፣ ፍራሹን ደበደበች፣ ትራሱን አለበሰች፤ ከዚያ ፊቷን ትራሱ ላይ ቀብራ ቆየች።

«ምን እያደረገች ነው?» አሉኝ ሰውየው በሹክሹክታ። «ልግባ እንዴ?»

«ጥቂት ይታገሡ» አልኳቸው። «አልጋው ገና አልረሳም።»